የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ባንክ ተሳስቶ ገንዘብ ቢያገባልን ምን እናድርግ?

በቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ ፍየሉን ወይም ማሩን የሸጠ ሰው ብሩን ሁሉ በመቀነቱ ቋጥሮ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ እያለፈ ነው። ዛሬ ከፊሉን ባንክ ያስቀምጣል፤ ከፊሉንም በስልኩ ይቀበላል። ከእኛም መካከል ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሁሉ ከወላጆቹ የሚላክለትን የሚቀበለው በባንክ ሒሳብ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አስቀድመን ብንመረምር ይጠቅመናል፤ ይኸውም ያልሠራንበትና ማንም ያልላከልን ገንዘብ በስሕተት በሒሳባችን ቢገኝ ምን ማድረግ ይገባናል? የሚለው ነው።

ጥያቄው የሐሳብ ብቻ አይደለም። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተበላሽቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ተዛመተ፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ያሉ ተማሪዎችም በሌሊት ወደ ገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ሮጡ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። በኋላም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጦ፣ በዚያ ሌሊት 490,000 ያህል የገንዘብ እንቅስቃሴ መደረጉንና ያለ አግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን አስታወቀ። በፈቃዳቸው የሚመልሱ በወንጀል እንደማይጠየቁ ተነገረ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ከገንዘቡ አብዛኛው ተመለሰ። ባልመለሱት ላይ ግን ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለሕዝብ አወጣ።

ይህ ነገር በክፍላችን ሲነሣ አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «የተሳሳተው ባንኩ ነው፤ ባንክ ደግሞ ሀብታም ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በመጀመሪያ፣ በባንክ ያለው ገንዘብ አብዛኛው የአስቀማጮች ነው። ሐሙስ ፍየሉን ሸጦ ያስቀመጠው ሽማግሌ ገንዘብም በዚያ ውስጥ አለ። ሁለተኛም ሕጋችን ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2162፣ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሰው ሀብት የተጠቀመ ሰው በተጠቀመበት መጠን እንዲክስ ያዛል። በቁጥር 2164 ደግሞ የማይገባውን ዕዳ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ የባንኩ ስሕተት ገንዘቡን የእኛ አያደርገውም፤ ብናወጣው ግን የባንኩ ስሕተት የእኛ ዕዳ ይሆናል።

ይህንንም በሒሳብ እንየው። አንድ ተማሪ የእሱ ባልሆነ 20,000 ብር ስልክ ገዛ እንበል። ገንዘቡን መልስ ሲባል ስልኩን በ14,000 ብር ይሸጣል። የጐደለውን 6,000 ብር ከወዴት ያመጣል? ምናልባት አባቱ ፍየል ሸጦ ይከፍልለታል። የአንድ ሌሊት ደስታ በማያውቁት ወላጆች ላይ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ሲቲባንክ የተባለው የአሜሪካ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ወለድ ብቻ ሊከፍል ሲገባው፣ ለሬቭሎን ኩባንያ አበዳሪዎች 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል በስሕተት ላከ። ከፊሎቹ መለሱ፤ 500 ሚሊዮን ያህል የያዙት ግን እምቢ አሉ። በ2021 ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደላቸው፤ በ2022 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሻረ። እነዚያ አበዳሪዎች ቀኑ አልደረሰም እንጂ በእርግጥ የሚጠይቁት ገንዘብ ነበራቸው። ምንም የማንጠይቀው እኛ ታዲያ ምን ብለን እንከራከራለን?

እንግዲህ ማድረግ የሚገባን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ገንዘቡን አለመንካት፤ አለማውጣት፣ ለጓደኛም አለማስተላለፍ። ያስተላለፍነው ገንዘብ ጓደኛችንንም ያስጠይቀዋል።

ሁለተኛ፣ ማጣራት። መልእክት መጣ ማለት ገንዘብ ገባ ማለት አይደለም፤ የሐሰት መልእክት የሚልኩ አታላዮች አሉ። ቀሪ ሒሳባችንን ራሳችን እንይ፤ ቤተ ሰብ ልኮልን እንደሆነም እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ማስታወቅ። በአቅራቢያ ወዳለው ቅርንጫፍ መታወቂያ ይዞ መሄድ ይሻላል። ሩቅ ከሆነ ለንግድ ባንክ በ951፣ ለቴሌብር በ127 መደወል ይቻላል። ቀኑንና የገንዘቡን ልክ ጽፈን አንድ ቅጂ በእጃችን እናስቀር።

አራተኛ፣ ማስተካከያውን ባንኩ ራሱ እንዲሠራ መተው። ማንነቱን የማናውቀው ሰው ደውሎ «በስሕተት ልኬብሃለሁና በዚህ ቁጥር መልስልኝ» ቢለን፣ በባንኩ በኩል እንዲያመለክት እንንገረው እንጂ ራሳችን አንላክ። የምስጢር ቁጥራችንንም ለማንም አንስጥ።

አምስተኛ፣ ገንዘቡ ሲመለስ ማስረጃ መቀበልና ማስቀመጥ።

ወላጆቻችን ብዙዎቹ በስልካቸው የሚመጣውን ጽሑፍ ማንበብ አልተማሩም፤ መልእክቱን የምናነብላቸው እኛ ልጆቻቸው ነን። ስለዚህ የገባውንና የወጣውን በትክክል ማንበብ፣ የማይገባም ሲመጣ «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ መንገር የተማሪ ግዴታ ነው። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለዚህ ነውና፣ በገዛ ድካማችን ያገኘነውን ይዘን በልበ ሙሉነት እንኑር።