ጠበቃ የማግኘት መብት፦ ከመጽሐፍ እስከ ፖሊስ ጣቢያ



አንድ ተማሪዬ በከተማው አፈሳ ተይዞ በፈረንሳይኛ በተጻፈ ወረቀት ላይ ፈርሟል። በምን ላይ እንደ ፈረመ እስከ ዛሬ አያውቅም። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ ይነሣል።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ወንጀለኛ ሲሰወር አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ይቆያል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ፈቀደ።

ሕግ መውጣቱ ብቻ አይበቃም። በተግባር መዋሉን የሚመረምር ምሁር ያስፈልጋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማሩት አሜሪካዊው ስታንሊ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ኢትዮጵያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት የማስተማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1971 ደግሞ ስለ ባህላዊው ሥርዓት ጥናት ጻፉ። ተመራማሪ የተጻፈውን ሕግና የሚሠራበትን ልማድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ያሳያል።

ድኻ ጠበቃ ከየት ያገኛል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ ተከሳሹ አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይደነግጋል። ማኅበራትም ይረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የ14 ዓመት ልጃገረድ ጠልፎ የወሰዳትን ሰው ገድላ ስትከሰስ፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሠረቱት አንዷ የሆኑበት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ተከራከረላት። ፍርድ ቤቱም ራስን መከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ጠበቃ ባይቆምላት ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን ነበር?

እኛስ? ጅቡቲ የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 16፣ ስደተኛ ፍርድ ቤት በመቅረብና የሕግ ድጋፍ በማግኘት ረገድ በሚኖርበት አገር እንደ ዜጋ እንዲታይ ያዛል። አገሪቱም በጥር 2017 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ አውጥታለች። ይሁን እንጂ ያልተጠየቀ መብት ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የተያዘ ሰው፦

1. የስደተኛነት ወረቀቱን ያሳይ።
2. የተያዘበትን ምክንያት ይጠይቅ።
3. «አቮካ» (ጠበቃ) እና «አንቴርፕሬት» (አስተርጓሚ) የሚሉትን ሁለት ቃላት ይናገር።
4. ያልገባውን ወረቀት አይፈርም፤ እንዲተረጎምለት በትሕትና ይለምን።
5. ቤተሰቡ ለስደተኞች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ፈጥኖ ያስታውቅ።

መልመጃ፦ ሁለቱን የፈረንሳይኛ ቃላት ዛሬ ማታ ለቤተሰብዎ ያስጠኑ። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶችም ይህን ገጽ ያንብቡላቸው።