ቴፒ ያለው ሰርቨር ለምን ዝም አለ?

ጥያቄ፦ ሚዛን ተፈሪ ሆኜ ቴፒ ያለ ሰርቨር አስተዳድራለሁ። የሊኑክሱን ከርነል ካደስኩ ወዲህ የማስተዳደሪያው ሶፍትዌር የሙቀት መረጃ ማንበብ አቆመ። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ማዘርቦርዱን ለመጠርጠር ገና ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተለይቶ የሚሠራ ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ አለ፤ ሰርቨሩ ቢጠፋ እንኳ መብራት እስካለ ድረስ በራሱ አድራሻ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል፣ ዴል፣ ኤችፒና ኤንኢሲ ያወጡት፣ ቺፑ የሚመራበት አይፒኤምአይ የተባለው ደንብ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። በቺፑ አድራሻ በቀጥታ ሲገቡ ሙቀቱ ከታየ ቺፑ ደህና ነው፤ የተቋረጠው ሊኑክስ ከእሱ ጋር የሚነጋገርበት ድራይቨር ነው። የአይፒኤምአይ ሞጁል መጫኑን ያረጋግጡ፣ የከርነሉን መዝገብ ያንብቡ፣ ከዚያ በቀድሞው ከርነል አስነሥተው ያነጻጽሩ። "መብራት ሲቆራረጥ ተጎድቶ ነው" የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል፤ ግን የመብራት ጉዳት የከርነል ስሪት አይመርጥም። በአሮጌው ሠርቶ በአዲሱ እምቢ ካለ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው። በሁለቱም እምቢ ካለ ቺፑን ብቻ እንደገና ያስነሡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ ሥራውን አያቋርጥም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ በአንዳንድ ሰርቨሮች ቺፑና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንድ የኔትወርክ ቀዳዳ ይጋራሉ፤ ያ ቀዳዳ ከተዘጋ ሁለቱም መግቢያዎች አብረው ይቋረጣሉ። የእርስዎም እንዲያ ከሆነ፣ ቴፒ ላይ ሰርቨሩ አጠገብ ሰው ሳይኖር የኔትወርክ ድራይቨሩን አይንኩ።