በባሕር ዳር ወደ ቅዱስ ያዕቆብ፦ በእግር ከመነሣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከፖርቱጋሏ ፖርቶ ተነሥቶ፣ አትላንቲክን በግራ ይዞ፣ ስፔን ውስጥ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚደርሰው የተሳላሚዎች መንገድ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሳምንት ይፈጃል። መድረሻው የዘብዴዎስ ልጅ የሐዋርያው ያዕቆብ አፅም አርፎበታል የሚባለው ካቴድራል ነው፤ እኛ ሚያዝያ 17 የምናስበው ያው ሐዋርያ። ለመሄድ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ።

የሚሄዱት ለባሕሩ ነው ወይስ ለቤተ ክርስቲያኖቹ?

ፖርቱጋል ውስጥ ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳል። አንዱ አሸዋው ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ውኃውን ተጠግቶ ይጓዛል፤ ፎቶ ላይ የምናየው እሱን ነው። ሌላው በቢጫ ቀስት እየተመራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በየመንደሩ ያልፋል። ጥንታዊዎቹ ቤተ ክርስቲያኖች የሚበዙት በዚህኛው ላይ ነው። ሳንቃውን ብቻ የተከተለ ሰው ካስቴሎ ዶ ኔይቫን ሳያይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ862 ለቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን መቀደሱን የሚናገረው የድንጋይ ጽሑፍ የተገኘው በዚያች መንደር ነው፤ ከስፔን ውጭ በስሙ ከተቀደሱት ቀደምቱ እንደሆነ ይነገርለታል።

እኔ እዚያ የደረስኩት ቀትር ላይ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ደጁን ተሳልሜ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ፤ ዘበኛም አስጎብኚም የለም፤ ከታች ባሕሩ ይታያል። የመንደር ቤተ ክርስቲያን የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በቅዳሴ ሰዓት ነውና ጉዞዎን በኪሎ ሜትር ብቻ አይለኩ፤ ቢያንስ አንዱን እሑድ መንደር ውስጥ ይዋሉ።

ወንዙን በምን ይሻገራሉ?

ካሚኛ ላይ የሚኞ ወንዝ ሁለቱን አገር ይለያል። የሚያሻግሩት ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ናቸው፤ ማዕበሉና አየሩ ይወስናቸዋል። ካልሆነ ወንዙን ተከትለው ሽቅብ ሄደው ከቫሌንሳ ወደ ቱይ በድልድይ ይሻገራሉ፤ ያኔ ግን ኦያ ያመልጥዎታል። ኦያ ገዳሙ ከዓለቱ ላይ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይባት መንደር ናት፤ እኔ ብሆን ጀልባውን አንድ ቀን ብጠብቅ እመርጣለሁ። ሲሻገሩ ሰዓትዎን አንድ ሰዓት ወደፊት ያድርጉ።

ቪዛስ?

ሁለቱም የሸንገን አገሮች ስለሆኑ አንድ ቪዛ ይበቃል። የሚያመለክቱት ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ነው። ሌሊቶቹን ይቁጠሯቸው፤ በዚህ መንገድ ብዙውን ጊዜ ስፔን ይበልጣል።

ምስክር ወረቀቱን ይፈልጋሉ?

ካቴድራሉ የሚሰጠው ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር ለሄደ ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው ከቪጎ ይነሣል፤ ከሬዶንዴላ ከተነሡ ግን አይሞላም። የተጓዥ ደብተርዎን ፖርቶ ካቴድራል ያገኙታል፤ በመጨረሻዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በየቀኑ ሁለት ማኅተም ያስመቱበት። በካቶሊኮች ዘንድ የሐዋርያው በዓል የሚከበርበት ጁላይ 25 እሑድ ሲውል ዓመቱ ቅዱስ ዓመት ይባላል፤ ቀጣዩ እ.ኤ.አ. 2027 ነው። ያን ዓመት አልጋ አስቀድመው ካልያዙ ይቸገራሉ።

ጿሚ ነዎት?

ይህ ብዙዎቻችንን ያስቸግራል። የአካባቢው የጎመን ሾርባ የጾም ይመስላል፤ ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ቋሊማ አለበት። ሳያዝዙ ይጠይቁ፤ ዳቦ፣ ወይራና ፍራፍሬ በቦርሳዎ ይያዙ። ቅዳሴውም የካቶሊክ ነው፤ ቆሞ ማስቀደስና መቁረብ ለየቅል ናቸውና ኦርቶዶክስ ከሆኑ ከመነሣትዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

እግርዎ ይችላል?

ተራራ አያስፈራዎት፤ ኮብልስቶኑ ነው የሚጎዳው። እግር ውኃ የሚቋጥረው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ አዲስ ጫማ አይልበሱ። መንገዱ በሚያልፍባት በስፔኗ ጋሊሲያ በሚያዝያም ይዘንባል።

አንድ ቀን ሲቀርዎት ፓድሮን ይደርሳሉ። የሐዋርያውን አፅም ያመጣችው ጀልባ ታሰረችበት የሚባለው ድንጋይ ከቤተ ክርስቲያኑ መንበር ሥር ይገኛል፤ በሮማውያን ዘመን ለባሕር አምላክ ለኔፕቱን የቆመ ነበር። ጎንበስ ካላሉ አይታይም። ሁሉም ሳንቲያጎ ለመድረስ ስለሚቸኩል ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ መቼ እንደሚከፈት ከዋዜማው ካደሩበት ማረፊያ ይጠይቁ።