አቤቱታ በወረቀት

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። የተበደለ ሰው ዝም ካለ በደሉን ማን ያውቅለታል? ይሁን እንጂ መናገርም ዘዴ አለው።

ዱሮ የተበደለ ሰው «አቤት! አቤት!» እያለ ከዳኛ ደጅ ይቆም ነበር። አቤቱታ የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ጥሪ ነው። ዛሬ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ወረቀት ነው። መጻፍ የማይችል ገበሬ ለማመልከቻ ጸሐፊ ገንዘብ ይከፍላል። ጸሐፊው ምን ብሎ እንደጻፈለት ግን አንብቦ ማረጋገጥ አይችልም። ፊደል የቆጠረ ሰው በደሉን በራሱ እጅ ይጽፋል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ሄደው ነበር። የኩባ ሕዝብ የሚናገረው ስፓኒሽ የሚባለውን ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ ራሱን ያመመው ሰው «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላል። «ራሴን ያመኛል» ማለት ነው። ቃሉ ጥቂት ነው፤ ሕመሙ የት እንደሆነ ግን ለይቶ ይናገራል። «ኧረ ሞትኩ፣ ጠፋሁ» ብቻ ቢል ሐኪሙ ምኑን ያክመዋል? አቤቱታም እንደዚሁ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ባሏ የሞተባት አንዲት የእስቴ ገበሬ አለች እንበል። ጎረቤቷ ግንቦት ላይ ሲያርስ ድንበሯን ገፋ። ቀበሌ ሄዳ «ተበደልኩ! ይህ ሰው ክፉ ነው፤ አያቱም ክፉ ነበሩ» ብላ ጮኸች። የሰማት ሁሉ አዘነላት። ነገር ግን የትኛው መሬት? መቼ? ምን ያህል? አልተናገረችም። ስለዚህ ባዶ እጇን ተመለሰች። ማታ ኩራዝ አበራችና እንዲህ ስትል ጻፈች፦

ቀን ..........
ለ.......... ቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ
ጉዳዩ፦ የተገፋ የእርሻ ድንበር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
እኔ አመልካች በዚህ ቀበሌ የምኖር ገበሬ ነኝ። ከወንዙ በላይ ያለው ማሳ በእኔና በሟች ባለቤቴ ስም በደብተር ተመዝግቧል። አዋሳኜ ግንቦት 12 ቀን ሲያርስ ድንበሩን አልፎ ወርዱ 4 ክንድ፣ ቁመቱ 30 ክንድ የሚሆን መሬት ወስዶብኛል። ሁለት የመንደሩ ሰዎች አይተዋል። ኮሚቴው ቦታው ድረስ መጥቶ ድንበሩን እንዲያስመልስልኝ አመለክታለሁ።
ስም .......... ፊርማ ..........

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስድብ የለም። አያትም አልተነሱም። ማን እንደተበደለ፣ ምን እንደተደረገ፣ የትና መቼ እንደሆነ፣ ማስረጃው ምን እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ ግን ተጽፏል። አቤቱታ የሚቆመው በእነዚህ 5 ነገሮች ነው።

ማስረጃ ሲባል አንዱ የይዞታ ደብተር ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ መሬት እየተመዘገበ ለገበሬው ደብተር ተሰጥቷል። የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ የሁለቱም ስም ይጻፋል። ስለዚህ ባል ቢሞት ሚስት የምታሳየው ማስረጃ አላት። ደብተሩን በደንብ አስቀምጡ። ለመሥሪያ ቤት ኮፒውን እንጂ ዋናውን ትታችሁ አትምጡ።

አቤቱታውን በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ስትሰጡ፣ የተቀበለው ሰው በሌላው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ። ያን ጊዜ «አልደረሰንም» የሚል አይኖርም። ቀበሌው መልስ ካልሰጠ ወደ ወረዳ ይኬዳል። የላይ ጋይንት ሰው ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት ሰው አርብ ገበያ፣ የስማዳ ሰው ወገዳ፣ የእስቴ ሰው መካነ ኢየሱስ ይሄዳል። ፍርድ የሚያስፈልገውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ማቅረብም መብት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ይህን ደንግጓል።

ነገሩ በሽማግሌ ካለቀ ደግሞ እሰየው! ጎረቤት ከጎረቤት ተጣልቶ የት ይደርሳል? ይሁን እንጂ እርቁም ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ጥያቄዎች
1. ሴትዮዋ መጀመሪያ ስትጮህ ያልተናገረችው ምንድን ነው?
2. አቤቱታ የሚቆምባቸውን 5 ነገሮች ጻፉ።
3. ከብት ሰብል ቢበላባችሁ ምን ብላችሁ ታመለክታላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉና ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።