የእንግሊዝኛ የንግድ ቃላትን ከነምንጫቸው ስለ ማጥናት

ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ወይም ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ የሚፈርምባቸው የመርከብ፤ የባንክና የኢንሹራንስ ወረቀቶች አብዛኛዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በእነዚህም ውስጥ በትምህርት ቤት ከሚታወቀው ትርጉማቸው የተለየ ትርጉም ያላቸው ቃላት አሉ። የተለመደውን ትርጉም ብቻ የያዘ ሰው ውሉን ያነበበ ይመስለዋል እንጂ አላነበበውም፤ ስሕተቱም በገንዘብ ያስከፍለዋል። የቃሉን ምንጭ የመረመረ ግን ትርጉሙን በቀላሉ ያስታውሳል። ከዚህ በታች ያሉት ቃላት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

1ኛ/ አቬሬጅ። በትምህርት ቤት «አማካይ» ማለት ነው፤ በባሕር ኢንሹራንስ ውል ላይ ግን «ጉዳት» ማለት ነው። ምንጩ «ዐዋር» የተባለው የዐረብኛ ቃል ሲሆን፤ ይኸውም በዕቃ ላይ የሚገኝ ጉድለት ነው። ቃሉ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በባሕር ላይ የደረሰው ጉዳት ለባለ ንብረቶቹ በየድርሻቸው ይከፋፈል ስለ ነበረ፤ «አማካይ» የሚለው ትርጉም ከዚሁ አከፋፈል በኋላ የመጣ ነው።

«ጄኔራል አቬሬጅ» ማለት የጋራ ጉዳት ነው። መርከብና ጭነት በአደጋ ላይ ሳሉ፤ ሁሉን ለማዳን ሲባል ታስቦ ዕቃ ወደ ባሕር ቢጣል ወይም ልዩ ወጪ ቢደረግ፤ ጉዳቱን የመርከቡ ባለቤትና ባለ ዕቃዎች ሁሉ ይካፈሉታል። ደንቡ ጥንታዊ ነው፤ በንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ533 በወጣው የሮማውያን የሕግ ስብስብ ውስጥ የሮድስ ሕግ ተብሎ ይገኛል።

ለምሳሌ የመርከቡና የጭነቱ ዋጋ በጠቅላላው 10,000,000 ብር ቢሆን፤ የጋራው ጉዳት ደግሞ 500,000 ብር ቢደርስ፤ ድርሻው ከመቶ 5 ነው። የ400,000 ብር ዕቃ ያለው ነጋዴ፤ ዕቃው አንዳች ሳይነካ በደኅና ቢደርስም፤ 20,000 ብር ይከፍላል። «ኤቨር ጊቭን» የተባለው መርከብ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የስዌዝን ቦይ ዘግቶ ከቆየ በኋላ የጋራ ጉዳት ስለ ታወጀ፤ ዕቃቸው ያልተበላሸባቸው ነጋዴዎች ሳይቀሩ ዋስትና እንዲሰጡ ተጠይቀዋል። ኢንሹራንስ ያለው ነጋዴ ይህን ዋስትና በኢንሹራንስ ኩባንያው በኩል ሊሰጥ ይችላል፤ የሌለው ግን ራሱ ገንዘብ ማስያዝ ይኖርበታል።

2ኛ/ ዲመሬጅና ዲቴንሽን። ሁለቱም የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያዎች ስለ ሆኑ ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። የመጀመሪያው «መቆየት» ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ የመጣ ነው፤ ኮንቴይነሩ ከተፈቀደው ነጻ ጊዜ በላይ በወደብ ሲቆይ ይከፈላል። ሁለተኛው «ይዞ ማስቀረት» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው፤ ነጋዴው ኮንቴይነሩን ከወደብ አውጥቶ በጊዜው ሳይመልስ ሲይዘው ይከፈላል። እንግዲህ አንደኛው የቆመ፤ ሁለተኛው የተያዘ ኮንቴይነር ሒሳብ ነው።

3ኛ/ ቴር። «የተጣለ» የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፤ ከጠቅላላው ክብደት ላይ የሚቀነሰው የመያዣው ክብደት ነው። 61 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጆንያ ቡና፤ የጆንያው ክብደት 1 ኪሎ ቢሆን፤ ንጹሑ ቡና 60 ኪሎ ነው።

4ኛ/ ባንክራፕት። «የተሰበረ አግዳሚ» ከሚል የጣሊያንኛ አነጋገር የተገኘ ሲሆን፤ ዕዳውን መክፈል የተሳነው ከሣሪ ማለት ነው። ገንዘብ ለዋጮች ይሠሩበት የነበረው አግዳሚ ለ«ባንክ» ስሙን ሰጥቷል፤ በየሱቁ ያለው «ባንኮኒ»ም የዚሁ ዘመድ ነው።

5ኛ/ ማጋዚን። ከዐረብኛ የወጣ ሲሆን፤ አማርኛው «መጋዘን» ወንድሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1731 በሎንዶን የተመሠረተ አንድ መጽሔት የልዩ ልዩ ጽሑፍ ማከማቻ ነኝ ሲል ይህን ስም ስለ ያዘ፤ ቃሉ የመጽሔት መጠሪያ ሆነ።

የአጠናን ዘዴ። በደብተር ላይ አራት ረድፍ ይሠመር፤ በመጀመሪያው ቃሉ፤ በሁለተኛው ምንጩ፤ በሦስተኛው የንግድ ትርጉሙ፤ በአራተኛው ቃሉ ከሚገኝበት ከራስ ውል የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። በሳምንት አምስት ቃል ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛውን ረድፍ ሸፍኖ ራስን መጠየቅ ነው።

ነገር ግን ምንጩ ለማስታወስ ይረዳል እንጂ ውልን አይተካም። የነጻው ጊዜ ስንት ቀን እንደ ሆነና ኢንሹራንሱ የትኛውን ጉዳት እንደሚሸፍን የሚወስነው በውሉ ላይ የተጻፈው ቃል ስለ ሆነ፤ ከመፈረም በፊት እያንዳንዱን ቃል ጠይቆ መረዳት ይገባል።