ጎረቤታችን ለምን በዚያው ዕለት ተቀበሩ?

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረች። ባለቤቷ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ጨው፣ ክብሪት፣ ላምባና ሳሙና ይሸጣሉ። እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች ጠዋት በዱቤ ይወስዳሉ፤ እንጨቱ ሲሸጥ ማታ ይከፍላሉ። ሽማግሌው ማታ ማታ እኛ ዘንድ ፊደል ይማሩ ነበር። ለምን እንደሚማሩ ሲጠየቁ፣ «የዱቤ ደብተሬን በራሴ እጅ ልጽፍ ነዋ!» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ሌሊት ዐረፉ። በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ኮልፌ በሚገኘው የሙስሊሞች መቃብር ተቀበሩ። ሴቶቹ ጫካ ውለው ሲመለሱ ሱቁ ዝግ ነው። ጥሩንባ አልተነፋ፣ ድንኳን አልተተከለ። በዚያ ምሽት ከክፍላችን ፊደል የሚቆጥር ሰው አልነበረም። አንዲት እናት፣ «ሰው እንደ ባዕድ እንዲህ ይቀበራል? ሳናለቅስላቸው!» አሉ። ሌላው ደግሞ፣ «ንቀውናል፤ ለቅሶ ቤቱም መሄድ የለብንም» አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኛ ልናስተምር የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምን እንመልስ? አፋችንን ይዘን ቆምን። ከመካከላችን አንዱ የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። «ነገ ልንገራችሁ፤ እንዳልሳሳት ሼሁን ልጠይቅ» አለ። ቀጥሎ ያለው ከእሱና ከሼሁ የሰማነው ነው።

ሙስሊሞች የሞተን ሰው ቶሎ የሚቀብሩት አክብረውት ነው። ሟቹ መልካም ሰው ከሆነ የሚጠብቀው መልካም ነገር ነውና ማዘግየት እሱን ከመንገዱ ማስቀረት ነው ብለው ያምናሉ። እኛ ዘመድ እስኪመጣ እንቆያለን፤ እነሱ ደግሞ ሟቹን አናስጠብቅም ይላሉ። ሁለቱም ለሰውየው አስበው ነው።

ሰው ሲያጣጥር አጠገቡ ያሉት የእምነቱን ቃል፣ ማለትም ከአላህ በቀር አምላክ እንደሌለ፣ ቀስ ብለው ያስታውሱታል። የመጨረሻ ቃሉ ያ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ነፍሱን የሚወስደው የሞት መልአክ ነው ብለው ያምናሉ። ከዚያ አስከሬኑ ይታጠባል። ወንድን ወንዶች፣ ሴትን ሴቶች ያጥባሉ። ከታጠበ በኋላ በነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል። ይህ ጨርቅ ከፈን ይባላል። ለወንድ 3፣ ለሴት 5 ቁራጭ ነው። ሀብታሙም ድኻውም ያው ነጭ ጨርቅ ነው። ወርቅ የለ፣ ሐር የለ። አስከሬኑ በቃሬዛ ይወሰዳል።

ከቀብር በፊት የጀናዛ ሶላት ይሰገዳል። ስሙ ሶላት ይሁን እንጂ መጎንበስም ግንባርን መሬት ማስነካትም የለበትም። ሰዎቹ ተሰልፈው እንደቆሙ 4 ጊዜ «አላሁ አክበር» እያሉ ለሟቹ ምሕረት ይለምናሉ። ይህ ሶላት የሁሉም ግዴታ ነው፤ ግን ጥቂት ሰዎች ከፈጸሙት ለሌላው ይበቃል። ማንም ካልፈጸመው ጥፋቱ የሁሉም ይሆናል። ዕድርተኛ ለሆነ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ መቃብሩ እንሂድ። ሙስሊም የሚቀበረው በቀኝ ጎኑ ተኝቶ፣ ፊቱ ወደ መካ ዞሮ ነው። መካ ከአዲስ አበባ በኩል ሲታይ በሰሜን ነው። ሰሜን ደግሞ ለከተማው ሰው እንጦጦ ያለበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በከተማው መስጊድ የሚሰግድ ሙስሊም ሁሉ ፊቱን የሚያዞረው ወደዚህ ወደ እኛ ተራራ በኩል ነው። ይህን ስንነግራቸው ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ሆነ። «ታዲያ በየቀኑ 5 ጊዜ ወደ እኛ ይዞራሉ እኮ!» ያሉ አዛውንት ነበሩ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሟች ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል። ሙስሊሙ በቀኝ ጎኑ ወደ ሰሜን እንዲያይ በእኛ አገር ራሱ ወደ ምሥራቅ፣ እግሩ ወደ ምዕራብ ይሆናል። የሁለቱም ጉድጓድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተቆፈረ ነው። ሁለቱም ትንሣኤ ይጠብቃሉ።

ሰው ከተቀበረ በኋላስ? ሙስሊሞች እንደሚያምኑት ሙንከርና ነኪር የሚባሉ ሁለት መላእክት መጥተው ሟቹን ይጠይቁታል። ጌታህ ማን ነው? ሃይማኖትህ ምንድን ነው? ነቢይህ ማን ነው? ይሉታል። ከዚያ እስከ ትንሣኤ ቀን ያለው ቆይታ በርዘኽ ይባላል። ለመልካሙ ሰው መቃብሩ ይሰፋል፤ ለክፉው ይጠብባል። የትንሣኤው ቀን ቂያማ ነው። ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ሰው ሁሉ ይነሣል። ሥራው በሚዛን ይመዘናል። መልካም ሥራው የከበደለት ጀነት ይገባል፤ የቀለለበት ጀሀነም። ጀነት የሚፈስ ውኃና ጥላ ያለበት የደስታ ቦታ፣ ጀሀነም የእሳት ቦታ ነው። ይሁን እንጂ ሰው በሥራው ብቻ ሳይሆን በአላህ ምሕረት እንደሚድን ሼሁ ደጋግመው ነግረውናል።

በዚያን ቀን እያንዳንዱ ሰው በሕይወቱ የሠራው ሁሉ የተጻፈበት መጽሐፍ ይሰጠዋል። መልካሙ በቀኝ እጁ፣ ክፉው በግራው ይቀበላል። ከዚያም መጽሐፍህን ራስህ አንብብ ይባላል። ሽማግሌው ባለ ሱቅ በሕይወት ሳሉ ይህን እያነሱ ይቀልዱ ነበር። «ያን ቀን ፊደል አልቆጠርኩም ብል ማን ይሰማኛል? አሁኑኑ ልማር» ይሉ ነበር። ሼሁ ግን በዚያ ቀን ያልተማረውም ያነባል ብለው አስረድተውናል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ዕዳ። በእስልምና የሟች ንብረት ለወራሽ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳው መከፈል አለበት። ነቢዩ ሙሐመድ ዕዳ ትቶ በሞተ ሰው ላይ፣ ዕዳውን የሚሸከም ሰው እስኪገኝ ድረስ፣ ሶላት ከመስገድ የተቆጠቡበት ጊዜ እንደነበር ይነገራል። ስለዚህ በቀብሩ ላይ የሽማግሌው ልጅ ቆሞ፣ «አባቴ ዕዳ ያለበት ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ የበደሉትም ካለ ይቅር ይበላቸው» ብሎ ለፍፏል። ይህን ስናወራ ከሴቶቹ አንዷ ቀና ብለው፣ «የእሳቸው ዕዳ ያለብንስ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ አጭር ነው፤ ለወራሾቹ ይከፈላል።

ስለ ለቅሶም ጠየቁን። ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ ልብስ መቅደድ በእስልምና የተከለከለ ነው። እንባ ግን አልተከለከለም። ነቢዩ ራሳቸው ልጃቸው ኢብራሂም ሕፃን ሆኖ ሲሞት አልቅሰዋል። የሐዘኑ ጊዜ 3 ቀን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ግን 4 ወር ከ10 ቀን ትቆያለች፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ድረስ ነው። ከዚያ በፊት አታገባም፤ አታጌጥም። በሰባትና በአርባ ቀን ሰደቃ የሚያወጡ ሙስሊሞች በአገራችን አሉ። ይህ አያስፈልግም የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። በዚህ እነሱም ይከራከራሉ።

ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መሄድስ? እዚህ ላይ ከእኛ አገር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለ። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በመካ መከራ ሲበዛባቸው ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። የአክሱም ንጉሥ ነጃሺ ተቀበላቸው። በንጉሡ ፊት ቆሞ ስለ ስደተኞቹ የተናገረው ጃዕፈር የሚባለው የነቢዩ የአጎት ልጅ ነበር። ጃዕፈር ከ10 ዓመት በላይ በአገራችን ኖሯል፤ ልጅም እዚሁ ወልዷል። ከተመለሰ በኋላ በ629 እ.ኤ.አ. በጦር ሜዳ ሞተ። ያኔ ነቢዩ፣ ቤተሰቡ በሐዘን ላይ ስለሆነ ምግብ ሥሩላቸው ብለው ጎረቤቶችን አዘዙ። ሙስሊሞች ለሐዘንተኛ ምግብ የሚወስዱት ይህን እያሰቡ ነው። እህል ይዞ ለቅሶ መድረስ ለእኛስ ምኑ አዲስ ነው?

ነጃሺ ራሱ በ630 እ.ኤ.አ. ግድም ሲሞት ነቢዩ በመዲና ሰዎችን አሰልፈው በሌለበት የጀናዛ ሶላት ሰግደውለታል። ባሕር ማዶ ለሞተ የሐበሻ ንጉሥ መሆኑ ነው። ሙስሊሞች ነጃሺ እስልምናን ተቀብሏል ይላሉ፤ ክርስቲያኖች ነገሩን በሌላ መንገድ ይናገራሉ። በትግራይ ነጋሽ በሚባል ቦታ በስሙ መስጊድ አለ።

በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ቅሬ ማለት እንደኛ ዕድር ነው። የወሎው ጓደኛችን እንዳለው የክርስቲያኑን ጉድጓድ ሙስሊም ይቆፍራል፤ የሙስሊሙን ቃሬዛ ክርስቲያን ይሸከማል። ሥጋው ብቻ ለየብቻ ይታረዳል። እዚህ ከተማው አፋፍ ላይ ሆነን ይህን አለማወቃችን አሳፍሮናል። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ ለሙስሊሞች እኩልነት ሰልፍ ወጥቷል። የሙስሊሞች በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆነው የታወጁት ከዚያ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ንፍሮና ዳቦ ይዘው ሄዱ። እኛም ተከተልን። «አላህ ያጽናችሁ» እንዲሉ አስተምረናቸው ነበር፤ ግማሾቹ ረስተውት «ነፍስ ይማር» አሉ። ማንም አልተቀየመም። ልጁ የዱቤውን ደብተር አወጣ። የፊተኞቹ ገጾች በሌላ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች የሽማግሌው ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ ትልልቅና ጠማማ፣ ላምባ የሚለውም «ለምባ» ተብሎ የተጻፈ። ያቺ ስለ ዕዳ የጠየቁት እናት ጣታቸውን እያስኬዱ ስማቸውን ፈልገው አገኙ። ሁለት ብር ከሃምሳ ይላል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡትና ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉ።

ለመወያያ፦ በቀበሌያችሁ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው የገቡበት ዕድር አለ? የአንዱ ሟች ቶሎ የሚቀበር፣ የሌላው የሚቆይ ከሆነ ጥሩንባው መቼ ይነፋ? ጫካ የዋለ ሰው ቀብር እንዳያመልጠው ማን ሄዶ ይንገረው?