የፖሊስ መብራት ከኋላ ሲበራ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የልጄ ጓደኛ ፖሊስ እንዲቆም ሲያሳየው በፍጥነት ሸሽቶ አመለጠ፤ ልጄም እንደ ጀግንነት ያወራዋል። ቢያዝ ቅጣቱ የፍጥነት ትኬት ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። በቨርጂኒያ ሕግ የፖሊስን ምልክት እያዩ ወይም እየሰሙ ሆን ብሎ መሸሽ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሽሽቱ ሰውን አደጋ ላይ ከጣለ ደግሞ እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር ይችላል።

ለልጅዎ ግን ከእስሩ በፊት ይህን ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ2001 ጆርጂያ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ወጣት 55 ማይል በተፈቀደበት መንገድ በ73 ማይል ሲነዳ ፖሊስ አይቶት እንዲቆም ምልክት ሰጠው። ወጣቱ ሸሸ። ማሳደዱን የተቀላቀለ ሌላ ፖሊስ መኪናውን ከኋላ ገጨው፤ መኪናው ተገለበጠ፤ የልጁ እጅና እግር ሽባ ሆኑ። መነሻው ተራ የፍጥነት ጥፋት ነበር! ወጣቱ የገጨውን ፖሊስ ቢከስም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 በ8 ለ1 ድምፅ ለፖሊሱ ፈረደ፤ የሌሎችን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥልን ሽሽት በኃይል ማስቆም ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ።

ልጅዎ ከኋላ የሚከተለው ሰው ፖሊስ መሆኑን ከተጠራጠረ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ የአደጋ ጊዜ መብራቱን አብርቶ፣ ወደ 911 ይደውል፤ ሰው ወዳለበት ብርሃናማ ቦታም ቀስ ብሎ ይሂድ። አሳዳጁ ፖሊስ አልመሰለኝም የሚል ምክንያታዊ እምነት በቨርጂኒያ ሕግ መከላከያ ይሆናል።

የልጅዎ ጓደኛ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነና ክስ ከመጣበት፣ ጥፋቱን ከማመኑ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።